ፊላ ዘግይቶ የሚመሰክር ተክል ነው፦ የፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ የፎስፈረስ ብክለት ጉዳይ

በአሜሪካ ደቡብ ፍሎሪዳ «የውሃ ጥበቃ ቀጣና 2ኤ» የሚባል፣ ዙሪያውን በግድብ የታጠረ ረግረግ አለ። ስፋቱ 43,000 ሄክታር ግድም ነው። በሰሜን ጫፉ ኤስ-10 የተባሉ የውሃ በሮች ተተክለዋል፤ ከቦይ የሚመጣው ውሃ በእነሱ በኩል ይገባል። ከበሮቹ በታች ያሉት የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከሰው ቁመት በላይ በቆመ ጥቅጥቅ ያለ ፊላ ተይዘዋል። ወደ ደቡብ በተዘለቀ ቁጥር ፊላው እየሳሳ ይሄዳል። ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ላይ ሲደረስ ቦታው የሶውግራስ ነው፤ ሶውግራስ የቄጤማ ዘመድ የሆነ፣ የቅጠሉ ጠርዝ እጅ የሚሸረክት ረጅም ተክል ነው። በመካከሉ ጥርት ያለ ውሃ የተኛባቸው ክፍት ቦታዎች አሉ። ፀሐዩም ዝናቡም አንድ ነው፤ ከሥር ያለው አፈርም ሲፈጠር አንድ ዓይነት ነበር። ሁለቱን ቦታዎች የለያያቸው ፎስፈረስ ነው።

ዕፅዋትን የብክለት አመልካች አድርጎ ስለመጠቀም ከዚህ ረግረግ በላይ የተጠና ጉዳይ ማግኘት ይቸግራል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቧል፣ በቁጥር የተገለጸ ደንብ ወጥቶለታል፣ ከአሥርት ዓመታት በኋላም ልኬቱ አልተቋረጠም። ትምህርቱ ግን ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይቀርባል፤ «ፊላ ካለ ብክለት አለ» ይባልና ይታለፋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ፊላ እውነት ይመሰክራል፣ የሚመሰክረው ግን ከሁሉም ዘግይቶ ነው፤ ብቻውን ሲቆምም በቀላሉ ያሳስታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ውሃው ከየት መጣ

ኤቨርግሌድስ ከኦኪቾቢ ሐይቅ ተነሥቶ እስከ ፍሎሪዳ የባሕር ወሽመጥ በዝግታ የሚፈስ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የውሃ ንጣፍ ነበር። ቁልቁለቱ በአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቀድሞ 11,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍን ነበር፤ ዛሬ የቀረው ግማሽ ያህሉ ነው። በ1947 ደቡባዊው ክፍል ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በዓመቱ በ1948 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ትልቅ የጎርፍ መከላከያና የውሃ ማከፋፈያ ሥራ ፈቀደ፤ ቦዮች፣ ግድቦችና ፓምፖች ተሠሩ። ከሐይቁ በስተደቡብ ያለው 280,000 ሄክታር የሚያህል መሬት ተንጠፍጥፎ የእርሻ ቀጣና ሆነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኩባ ስኳር ወደ አሜሪካ መግባቱ ሲቆም የሸንኮራ አገዳው ማሳ በፍጥነት ሰፋ።

ፎስፈረሱ የመጣው ከማዳበሪያ ብቻ አይደለም። ያ መሬት ፒት ነው፤ ማለትም የዕፅዋት ቅሪት በውሃ ተሸፍኖ ሳይበሰብስ ለብዙ ሺህ ዓመታት ተደራርቦ የሠራው ጥቁር አፈር። ውሃው ሲመጠጥለት አየር ይገባዋል፣ ይበሰብሳል፣ በውስጡ የያዘውንም ፎስፈረስና ናይትሮጅን ይለቃል። ይህ ከማዳበሪያው ጋር ተደምሮ በዝናብ ወቅት በፓምፕ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ረግረጉ ይገባል። ከኤስ-10 በሮች በታች በውሃው ውስጥ የሚለካው ጠቅላላ ፎስፈረስ በሊትር ከ50 እስከ 100 ማይክሮግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነበር። በረግረጉ መሐል ከ10 በታች ነው።

ለሐይቅ ሰው 50 ማይክሮግራም ብዙ ላይመስለው ይችላል። ኤቨርግሌድስ ግን የተፈጠረው ከዝናብ በቀር ምግብ በማያገኝ፣ ፎስፈረሱ ከኖራ ድንጋይ ጋር ተጣብቆ በሚቀርበት ቦታ ነው። እዚያ ያለ ሕይወት በሙሉ ለእጦት የተሠራ ነው። ሶውግራስ በዝግታ ያድጋል፤ ቅጠሉ ከመሞቱ በፊት ፎስፈረሱን መልሶ ወደ ሥሩ ይሰበስባል፤ በጥቂቱ ይኖራል። ፎስፈረስ ሲጨመርለትም ፍጥነቱ ብዙም አይለወጥም። ፊላ ተቃራኒው ነው። ያገኘውን ሁሉ ወዲያው ቅጠል ያደርገዋል፤ ከመሬት በታች በሚሄደው ግንዱ በዓመት በርካታ ሜትሮች ይስፋፋል፤ አንዱ ዘለላው ከመቶ ሺህ በላይ ጥቃቅን ፍሬ ይዞ በነፋስ ይበትናል። በእጦቱ ዘመን ፊላ እዚያ አልነበረም ማለት አይደለም፤ የአገሩ ተክል ነው። በአዞ ጉድጓድ ዳር፣ ወፍ በሚያድርባቸው የዛፍ ደሴቶች ሥር፣ ኩስ ባበለጸገው አፈር ላይ እዚህም እዚያም ይበቅል ነበር።

ማን ቀድሞ ይናገራል

ፎስፈረስ ወደ ረግረጉ ሲገባ ፊላ የመጨረሻው ተናጋሪ ነው። ከእሱ በፊት ብዙ ነገር ተለውጦ ያልቃል፤ ቅደም ተከተሉን ማወቅም የሥራው ዋና ነገር ነው።

በመጀመሪያ የሚለወጡት በዓይን የማይታዩት ናቸው። ፎስፈረስ ሲያጥራቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ከኦርጋኒክ ቁስ ውስጥ ፈልቅቀው የሚያወጡበትን አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም ያመርታሉ፤ ሲተርፋቸው ማምረቱን ይቀንሳሉ። ይህ በቀናት ውስጥ የሚለካ ለውጥ ነው።

ቀጥሎ ፔሪፋይተን አለ። ይህ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ፣ የተክል ግንድ ላይም የሚጠመጠም፣ ስፖንጅ መሰል የአልጌና የባክቴሪያ ምንጣፍ ነው። በንጹሑ ኤቨርግሌድስ ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ ግራጫ ነው፤ በጣት ሲታሸት አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ምክንያቱም ከደረቅ ክብደቱ ትልቁ ክፍል ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ምንጣፉን አያይዘው የያዙት ሳይቶኔማና ስኪዞትሪክስ የሚባሉ ክር መሳይ ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያዎች ናቸው። ፎስፈረስ ሲጨመር ምንጣፉ ይበጣጠሳል፣ ኖራው ይጠፋል፤ በምትኩ ሲነኩት የሚያዳልጥ፣ ብሩህ አረንጓዴ፣ ስፓይሮጋይራን የመሰለ ክር አልጌ ይመጣል። ማይክሮስኮፕ ላለው ደግሞ ዳያቶሞች (መስታወት መሰል ቅርፊት ያላቸው ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች) የበለጠ ይነግሩታል፦ ማስቶግሎያ ስሚቲ የሚባለው ዝርያ ይሸሻል፣ ጎምፎኔማ ፓርቩለም ይበዛል።

የፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በሙከራ አሳይተዋል። በብሔራዊ ፓርኩና በአካባቢው ባልተበከለ ረግረግ ላይ ረጃጅም መተላለፊያዎች አጥረው፣ ከ1998 መጨረሻ ጀምሮ ለአምስት ዓመት ፎስፈረስ በጥቂት በጥቂቱ ጨመሩ፤ ከተፈጥሮው መጠን በላይ በሊትር 5፣ 15 እና 30 ማይክሮግራም። ምንጣፉ በሦስቱም ተበታተነ፤ በትንሹ መጠን ዘግይቶ፣ በትልቁ ቶሎ። ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው ሌላ ውጤት ነው። ፎስፈረሱ እየተጨመረ እያለ ከመጨመሪያው ራቅ ብሎ የተወሰደ የውሃ ናሙና ብዙ ለውጥ አላሳየም። ተሕዋስያኑ ከውሃው ውስጥ ወዲያው ስለሚለቅሙት ፎስፈረሱ የሚከማቸው በምንጣፉ ሥጋ ውስጥ ነው። ውሃ ብቻ የሚለካ ሰው «ንጹሕ ነው» ብሎ ይፈርማል፣ በዚያው ጊዜ ረግረጉ እየተበከለ ነው። ሕያዋን አመልካቾች የሚያስፈልጉበትን ምክንያት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ከምንጣፉ ጋር ዩትሪኩላሪያ ፑርፑሪያ ይጠፋል። ሥር የሌለው፣ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል ነው፤ ፔሪፋይተኑ የሚጣበቀውም በአብዛኛው በእሱ ላይ ነው። በዓይን ለሚሠራ የመስክ ባለሙያ ይህ ተክል ከፊላ የተሻለ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው፤ ሲቀንስ ሶውግራሱ ገና እንዳለ ነው፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰውም ምንም የተበላሸ አይመስልም። ከዚያ በክፍት ቦታዎቹ የሚበቅሉት እንደ ኤሊዮካሪስ ያሉ ቀጫጭን የቄጤማ ዘመዶች መሐል ፊላ መግባት ይጀምራል። በመጨረሻ ሶውግራሱ ይተካል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው ርቀት የዓመታት፣ አንዳንዴም የአሥርት ዓመታት ነው። ፊላው ጥቅጥቅ ባለበት ብርሃን ወደ ውሃው አይደርስም፣ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ረጅም እግር ያላቸው አዳኝ ወፎችም የሚያርፉበት ክፍት ውሃ አያገኙም።

ፒቱ ራሱ ያስቀመጠው መዝገብም አለ። ከ2ኤ ተቆፍረው የወጡ የአፈር ዓምዶች በሲዚየም-137 (የኑክሌር ሙከራ አቧራ ከፍተኛ የነበረበትን የ1963ን ንብርብር ያሳያል) እና በሊድ-210 ዕድሜያቸው ተለክቶ የአበባ ብናኝ ሲቆጠርባቸው፣ ከበሮቹ አጠገብ የፊላ ብናኝ የሚበዛው በላይኞቹ፣ በቅርብ ዘመን ንብርብሮች ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የዚህ የፊላ ዝርያ ብናኝ አንድ አንድ ሆኖ ስለሚበተን ስፓርጋኒየም ከሚባል ሌላ የውሃ ዳር ተክል ብናኝ ጋር ይመሳሰላል።

ልኬቱ እንዴት ተሠራ

የደቡብ ፍሎሪዳ የውሃ አስተዳደር ድርጅት በ1994 በ2ኤ ውስጥ ቋሚ የናሙና መስመሮች ዘረጋ። ሁለቱ መስመሮች፣ «ኢ» እና «ኤፍ»፣ ከበሮቹ አካባቢ ተነሥተው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። በየመስመሩ ከ1 እስከ 5 የተቆጠሩ ጣቢያዎች አሉ፤ አንደኛው ከበሮቹ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል፣ አምስተኛው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ሦስት «ዩ» ጣቢያዎች ደግሞ ብክለቱ ባልደረሰበት መሐል ተቀመጡ። አሠራሩ የታወቀ ቢመስልም ብዙ ጥናት የሚወድቀው እዚህ ነው፦ ማነጻጸሪያ ቦታ ሳይኖር የተበከለውን ብቻ መቁጠር ምንም አያረጋግጥም።

ከየጣቢያው የሚሰበሰበው አራት ነገር ነው፤ አራቱም የየራሳቸው መበላሻ አላቸው።

ውሃ። ጠርሙሱ በውሃው መካከል ጥልቀት ይሞላል፤ ከታች ያለው ልል ቅሪት እንዳይነካ። እግር ገብቶ ያንን ቅሪት ከቀሰቀሰው የሚለካው ውሃ ሳይሆን አፈር ይሆናል፣ ውጤቱም በብዙ እጥፍ ይዘላል። በዚህ ምክንያት ጥልቀቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ናሙና አይወሰድም። ለጠቅላላ ፎስፈረስ የሚወሰደው ናሙና በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ተደርጎ፣ በ4 ዲግሪ ሴልሲየስ ተይዞ፣ በ28 ቀን ውስጥ መለካት አለበት። ሌላው ወጥመድ የጠርሙስ እጥበት ነው። ፎስፌት ባለበት ሳሙና የታጠበ ጠርሙስ 10 ማይክሮግራምን ለመለካት አይሆንም፤ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ መታጠብ፣ ከዚያም በተጣራ ውሃ ደጋግሞ መለቅለቅ አለበት።

አፈር። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስል ቱቦ ቀስ ተብሎ ወደ ፒቱ ይገፋል፤ የላይኛው 10 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል። ከላይ ያለው ልል ቅሪት ለብቻው ይያዛል፤ ከአፈሩ ጋር ከተቀላቀለ ሁለቱም ቁጥሮች ትርጉም ያጣሉ። ባልተበከለው መሐል የሚገኘው በኪሎግራም ደረቅ አፈር 500 ሚሊግራምና ከዚያ በታች ነው። ከበሮቹ አጠገብ ከ1,500 በላይ ተለክቷል። እዚህ አንድ ስውር ስሕተት አለ። ፒት በጣም ቀላል ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ ከ0.1 ግራም ያንሳል። ደርቆ ሲበሰብስ ወይም ሲቃጠል ካርቦኑ ወደ አየር ይሄዳል፣ ፎስፈረሱ ይቀራል። ስለዚህ አንድም ጠብታ ቆሻሻ ውሃ ሳይገባ በኪሎ ያለው መጠን ከፍ ሊል ይችላል። መልሱ የአፈሩን እፍግታ አብሮ ለክቶ በይዘትም ማስላት ነው።

ቅጠል። ሙሉ በሙሉ የበሰለው አዲሱ ቅጠል ይቆረጣል፤ ሽማግሌ ቅጠል ፎስፈረሱን ወደ ሥር ስለመለሰ ያታልላል። በላዩ ያለው አልጌና ጭቃ በተጣራ ውሃ ይታጠባል፣ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ምድጃ ክብደቱ እስኪረጋ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ከፎስፈረሱ ጋር ናይትሮጅኑም ይለካል። በረግረግ ተክል ሥጋ ውስጥ የናይትሮጅን ክብደት ከፎስፈረስ ከ16 እጥፍ ሲበልጥ ተክሉ የጎደለው ፎስፈረስ ነው፤ ከ14 እጥፍ ሲያንስ ናይትሮጅን ነው፤ በመካከል ያለው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። በንጹሑ ኤቨርግሌድስ ያለው የሶውግራስ ቅጠል ከ16 በብዙ ይበልጣል። ወደ በሮቹ በቀረብን ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል።

የተክል ሽፋን። በአንድ ሜትር ካሬ ክፈፍ ውስጥ ግንድ ይቆጠራል፣ ቁመት ይለካል፣ ሽፋን በመቶኛ ይገመታል፤ ሰፊው ካርታ ደግሞ በቀለም ኢንፍራሬድ የአየር ፎቶ ይሠራል። ካርታው ነው ጉዳዩን ለሕዝብ ዓይን ያበቃው። ከ1991 እስከ 1995 ፊላ በ2ኤ ውስጥ በዓመት 961 ሄክታር ያህል ይስፋፋ ነበር። ከ1995 እስከ 2003 ወደ 312 ሄክታር ዝቅ አለ። ቀነሰ እንጂ አልቆመም፤ ወደኋላም አልተመለሰም። ውሃው እየተሻሻለ ሳለ ተክሉ መስፋፋቱን የቀጠለው አፈሩ ለብዙ ዓመት የሚበቃ ስንቅ ስለያዘ ነው።

«ጥፋቱ የውሃው ጥልቀት ነው»

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነበር፤ ክርክሩም ባዶ አልነበረም። ፊላ በግንዱ ውስጥ አየር ወደ ሥሩ የሚገፋበት ክፍተት ስላለው ጥልቅ ውሃን ከሶውግራስ በተሻለ ይቋቋማል። ግድቦቹ ደግሞ ውሃውን አስረው በሰሜን እጅግ ደረቅ፣ በደቡብ እጅግ ጥልቅ አድርገውት ነበር። እሳትም አለ፦ ሶውግራስ ሲቃጠል ብርሃን ያገኘ እርጥብ አፈር ይጋለጣል፣ የፊላ ፍሬም የሚበቅለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ታዲያ ፊላው የብክለት ነው ወይስ የጥልቀት?

መልሱ የመጣው ሁለቱን ለያይቶ ከማየት ነው። በገንዳ ውስጥ በተደረጉ ሙከራዎች ፊላ ለፎስፈረስም ለጥልቀትም ምላሽ ሰጥቷል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ከሁሉም የበለጠ አድጓል። በሜዳው ላይ ግን በ2ኤ ውስጥ ጥልቅ ሆኖ ፎስፈረሱ ዝቅተኛ የሆነ ቦታ አለ፤ እዚያ ፊላ ተበታትኖ ይገኛል እንጂ ቦታውን ጠቅልሎ አልያዘም። በእኛ ግምት ትክክለኛው አነጋገር እንዲህ ነው፦ ፎስፈረስ በሩን ይከፍታል፤ ጥልቀትና እሳት ፍጥነቱን ይወስናሉ። ስለዚህ የውሃ ጥልቀት መዝገብና የእሳት ታሪክ የሌለው የፊላ ካርታ በጠንካራ ተከራካሪ ፊት አይቆምም።

ሌላም ልዩነት አለ። ከ2ኤ በስተሰሜን ያለው የሎክሳሃቺ የዱር እንስሳት መጠለያ ውሃውን በአብዛኛው ከዝናብ ስለሚያገኝ ውሃው ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድን ያነሰበት ነው፤ መሐል ላይ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ በሴንቲ ሜትር 100 ማይክሮሲመንስ ግድም ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው ቦይ ብዙ እጥፍ ነው። ኖራማው ምንጣፍ እዚያ ከጥንቱም የለም። «ምንጣፉ ጠፍቷል፣ ስለዚህ ተበክሏል» የሚል ሰው ሎክሳሃቺ ላይ ይሳሳታል። በዚያ የሚታየው ዛይሪስ የተባለ ቢጫ አበባ ያለው ተክል ነው፤ ማዕድን የበዛበት የቦይ ውሃ ሲገባበት ይዳከማል። በሁለት ተጎራባች ረግረጎች እንኳ አንድ የአመልካች ዝርዝር አይሠራም።

ከረግረግ ወደ ሕግ

በ1988 የፌዴራሉ መንግሥት ጠበቃ የፍሎሪዳን የውሃ አስተዳደር ድርጅትና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከሰሰ፤ ክሱ ወደ ፓርኩና ወደ መጠለያው የተበከለ ውሃ ለቅቃችኋል የሚል ነበር። ለሦስት ዓመት ያህል ተካሰሱ። በ1991 አገረ ገዢው ሎውተን ቺልስ ራሳቸው ፍርድ ቤት ቀርበው ውሃው ቆሻሻ መሆኑን አመኑ፣ ስምምነትም ተደረሰ። በ1994 ግዛቱ የኤቨርግሌድስ ሕግ አወጣ። በሕጉ ላይ ተመሥርቶ በ2003 የጸደቀው ደንብ ለፎስፈረስ በሊትር 10 ማይክሮግራም የረጅም ጊዜ ጂኦሜትሪክ አማካይ (ጥቂት በጣም ከፍ ያሉ ልኬቶች ብዙ የማያዛቡት የአማካይ ዓይነት) አስቀመጠ።

ቁጥሩ የተወሰደው በናሙና መስመሮቹ ላይ የአልጌውና የዕፅዋቱ ማኅበረሰብ ከተፈጥሮው መለወጥ ከሚጀምርበት ነጥብ እንጂ፣ ፊላ ከሚበቅልበት አይደለም። ፊላን ቢጠብቁ ኖሮ ቁጥሩ በጣም የላላ በሆነ ነበር። አፈጻጸሙም ተዘርዝሯል፦ የጣቢያዎች የአምስት ዓመት አማካይ ከ10 አይበልጥም፤ ከአምስቱ ዓመት በሦስቱ የዓመቱ አማካይ ከ10 አይበልጥም፤ በማንኛውም ዓመት የጠቅላላ ጣቢያዎች አማካይ ከ11፣ የአንድ ጣቢያ ደግሞ ከ15 ማለፍ የለበትም። «የተጎዳ» የሚባለውም አካባቢ በላይኛው 10 ሴንቲ ሜትር አፈሩ ላይ በኪሎ ከ500 ሚሊግራም በላይ ፎስፈረስ ያለው ነው።

ውሃውን ለማጣራት በእርሻውና በረግረጉ መካከል ከ23,000 ሄክታር በላይ ሰው ሠራሽ ረግረግ ተሠርቷል። የሚገርመው በእነዚህ ውስጥ ዋናው ሠራተኛ ፊላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ፊላ ከፍተኛውን ፎስፈረስ ይቀበላል፤ በኋለኞቹ እንደ ካራና ናጃስ ያሉ ውሃ ውስጥ የሚያድጉ ተክሎች የቀረውን ይለቅማሉ። ከ1994 ወዲህ ከ2,000 ቶን በላይ ፎስፈረስ እዚያ ቀርቷል። ሥራው ግን ስስ ነው፤ ክፍሉ በድርቅ ከደረቀ አፈሩ የያዘውን እንደገና ሲረጥብ ይለቃል፤ በአውሎ ነፋስ ጊዜ በጣም ጥልቅ ውሃ ለሳምንታት ከቆመ ፊላው ራሱ ተነቅሎ ይንሳፈፋል።

የተበላሸው ረግረግ ይመለስ እንደሆነ ለማየት ከ2006 ጀምሮ በ2ኤ የፊላ መሐል በፀረ ተክል መድኃኒትና በእሳት ክፍት ቦታዎች ተከፍተዋል። ወፎቹ መጡ፣ ውሃው ውስጥ ካራ በቀለ። የተገኘው ግን በፎስፈረስ የበለጸገ አፈር ላይ ያለ ክፍት ውሃ ነው እንጂ የድሮው የሶውግራስ ረግረግ አይደለም፤ መድኃኒቱ ካልተደገመም ፊላው ይመለሳል። ኋላ ኢማዛሞክስ የሚባለው መድኃኒት ተመራጭ የሆነው ፊላውን እየገደለ ሶውግራሱን በአብዛኛው ስለሚተው ነው።

ተክሎቹ የማይናገሩት ነገር እንዳለም መታወቅ አለበት። ኤቨርግሌድስ ከፎስፈረስ ሌላ የሜርኩሪ ችግር አለበት፤ ሜርኩሪው ከአየር ይወርዳል፣ ከእርሻው የሚመጣው ሰልፌት ደግሞ ወደ መርዛማው ሜቲል ሜርኩሪ እንዲለወጥ ያግዛል። የሰልፌቱ መጠን በንጹሑ ቦታ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ሲሆን በ2ኤ 50 ገደማ ይደርሳል። የትኛውም የፊላ ካርታ ይህን አያሳይም። ያ የሚታወቀው ከዓሣ ሥጋ ነው።

ወደ አገራችን ዳርቻዎች ሲመጣ

ታይፋ ዶሚንጀንሲስ የሚባለው ይኸው የፊላ ዝርያ በኢትዮጵያም አለ። ዝርያው አንድ መሆኑ ግን 10 ማይክሮግራምን ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ጣና ማምጣት አያስችልም። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ያሉ፣ በተፈጥሯቸው ፎስፈረስ የማያንሳቸው ናቸው፤ ፊላም እዚያ የኖረ ተክል ነው። መወሰድ ያለበት አሠራሩ ነው፦ ከምንጩ የሚርቅ መስመር፣ ማነጻጸሪያ ቦታ፣ የለውጡ ቅደም ተከተል።

እምቦጭን በተመለከተ ጥንቃቄው ይብሳል። በ1965 በቆቃና በአዋሽ፣ በ2011 በጣና የታየው ይህ ተክል ምግቡን ከአፈር ሳይሆን በቀጥታ ከውሃው ስለሚወስድ ከፊላ ፈጥኖ ይናገራል። ግን ተንሳፋፊ ነው፤ ነፋስ ይነዳዋል። የተከመረበት ዳር ቆሻሻው የገባበት ሳይሆን ነፋሱ ያሳረፈው ሊሆን ይችላል። ምንጭ ለመፈለግ ሥር የሰደዱትን ተክሎች፣ ፊላን፣ ደንገልን፣ ቄጤማን መከተል ይሻላል።

በአነስተኛ አቅም ለመሥራት ቆሻሻው የሚገባበት አፍ ይመረጥና ከእሱ 50፣ 200፣ 500 ሜትር፣ ከዚያ 1 እና 2 ኪሎ ሜትር ላይ ጣቢያ ይደረጋል። አንድ ሌላ መስመር ቆሻሻ በማይደርስበት፣ ጥልቀቱ ግን በሚመሳሰል ዳር ይዘረጋል። በየጣቢያው ቢያንስ ሦስት ባለ አንድ ሜትር ካሬ ክፈፍ ይወረወራል፤ የየዝርያው ሽፋን፣ የግንድ ብዛት፣ የውሃው ጥልቀትና አስተላላፊነት፣ ግንዱ ላይ ያለው አልጌ ቀለምና መጠን ይመዘገባል። ላቦራቶሪ የሚላከው የላይኛው 10 ሴንቲ ሜትር አፈርና የአንድ ዝርያ አዲስ ቅጠል ነው፤ ገንዘብ ካጠረ ውሃውን መተው ይሻላል እንጂ አፈሩን አይደለም።

በእኛ አገር የእሳትን ቦታ የሚይዙት እጅና ከብት ናቸው። ቄጤማ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ይታጨዳል፣ ደንገል ለታንኳ፣ ፊላ ለጣሪያና ለምንጣፍ ይቆረጣል፤ ውሃው ሲሸሽ ባሕር ሸሽ መሬቱ ይታረሳል፣ ከብት ይሰማራበታል። ይህን ያልመዘገበ ጥናት የታጨደውን «በብክለት የጠፋ» ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ ቆጠራው ከጳጉሜን በፊት አንድ ጊዜ፣ በበጋው ማብቂያ በመጋቢት አንድ ጊዜ ይደረግ፤ በየጣቢያው የተቆረጠ ጉቶ ካለ ይቆጠር፣ የአካባቢው ሰው መቼና ማን እንዳጨደው ይጠየቅ፣ መልሱም ከሽፋኑ ቁጥር አጠገብ በዚያው ገጽ ይጻፍ።